የአባ መጣሁ መውረድ

ፕሬዚዳንቱን አገሩ ሁሉ «አባ መጣሁ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ገና ከንቲባ ሳለ ነው። ስብሰባ ይጠራና ሕዝቡን ፀሐይ ላይ አቁሞ «መጣሁ በሏቸው» ብሎ ይልካል፤ ሸሚዙን የሚመርጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ወዲህም ጠባዩ አልለቀቀውም። ሰዉ በታክሲ፣ በፀጉር ቤት፣ በዳቦ ሰልፍ ላይ ይቀልድበታል። «ሞት እንኳ በሩን ቢያንኳኳ መጣሁ ብሎ ያስቀምጠዋል» ይባል ነበር። ቀልዱ ጆሮው ሲደርስ ይስቃል። ሰው የጠላውን አያቆላምጥም ባይ ነው።

ታላቅ እህቱ ግን አይስቁም ነበር። በግቢው ውስጥ ከጥበቃው እስከ ሚኒስትሩ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን በአዋላጅ ነርስነት የጨረሱ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን ገና እየነቀለ ነበር። አጥበው፣ አብልተው፣ ሲያጠፋ ቆንጥጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ቤቱን እንዲይዙለት ለምኖ አመጣቸውና ከቤተ መንግሥቱ ዋና ሕንፃ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገቡ። እሱ «እታለም» ይላቸዋል። እሱን «አንተ» የሚል ሰው በዚያ ግቢ ከሳቸው ሌላ የለም። በመዘግየቱ ሲቆጡት «ምጥ ቆይ አይባልም፤ ሕዝብም እንደዚያው ነው» ይሉታል። እሱም ግንባራቸውን ስሞ ያልፋል።

ለሦስተኛ ጊዜ ለመመረጥ የተነሣ ጊዜ ከተማው በፎቶው ተሞላ። ፎቶው የድሮ በመሆኑ አጠገቡ ሲቆም የገዛ ልጁን የሚያስመርጥ ይመስል ነበር። ከሥሩ «የጀመረውን ይጨርስ!» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ሰዉ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የጀመረውን ሳይሆን የቀረነውን ሊጨርሰን ነው» ይላል። ኑሮው ከብዷል፣ ሥራ ጠፍቷል፤ ቀልዱም እየመረረ ሄዷል። ይህን ለፕሬዚዳንቱ የሚነግረው አልነበረም። የምረጡኝ ዘመቻውን የሚመራው አማቹ፣ የአንድያ ልጁ ባል፣ ከሁለት ስልክ የማይለይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው ነው። ክፉ ወሬ ወደ አማቱ ጆሮ እንዳይደርስ ማድረግን ከሥራዎቹ ሁሉ ዋነኛው አድርጎ ይዞት ነበር።

የዘመቻው ትልቁ ስብሰባ በዋና ከተማዋ ስታዲየም ተጠራ። ፋብሪካዎች ከቀትር በኋላ ተዘግተው ሠራተኛው በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። ያልመጣ ሰኞ ሥራ እንዳይገባ የሚል ቃል በየአለቃው አፍ ተላልፏል። እትዬም አብረውት እንዲሄዱ አማቹ ለመናቸው፤ ሕዝብ ቤተሰብ ማየት ይወዳል አላቸው። የደኅናውን ቀሚሳቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ገብተው ጠበቁት። እሱ የቴሌቪዥን ሰዎች የመረጡለትን ኮት አልወደደውምና ሌላ እስኪያመጡለት ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ ሲነሡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ።

ስልኩ የጮኸው ትልቁ ድልድይ ላይ መኪኖች ተጨናንቀው ቆመው ሳለ ነው። የአማቹ ድምፅ ለእትዬም ይሰማቸዋል። ዝናቡ መጥፎ ነው፣ ሰዉ መውጣት ጀምሯል፣ ካሜራው ባዶ ወንበር ሊያሳይ ነው፣ ምን ይደረግ አለ።

«በሮቹን ዝጓቸዋ» አለ ፕሬዚዳንቱ። «እስክደርስ ማንም እንዳይወጣ። መጣሁ በላቸው።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እህቱ ዞረና ትንሽ ቢበሰብሱ ምን ይሆናሉ፣ ጨው አይደሉ አላቸው። እትዬ መስኮቱን እያዩ ነበር፤ ውሃው መንገዱን እንደ ወንዝ ይዞታል።

በስታዲየሙ ጣሪያ ያለው በክብር እንግዶች በኩል ብቻ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው የተቀመጠበት ወገን ሰማይ ነው ክዳኑ። በረዶ መጣል ሲጀምር ያ ሁሉ ሰው ተነሥቶ በስተ ምሥራቅ ወዳለው በር ወረደ። በሩ ተቆልፏል። ፊት ያሉት «ተዘግቷል፣ ተመለሱ!» ይላሉ፤ ኋላ ያሉት አይሰሙም፣ ይገፋሉ። ደረጃው ረጥቦ ያንሸራትታል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በላዩ ወደቀ።

የፕሬዚዳንቱ መኪና በክብር በር በኩል ሲደርስ ሙዚቃውም ጭብጨባውም አይሰማም ነበር። አንድ መኮንን እየሮጠ መጥቶ በመስኮቱ አጎንብሶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሾፌሩ ወዲያው መኪናውን አዞረ። እትዬ ሆስፒታሉ በር ላይ አውርዱኝ አሉ። ወንድማቸው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ሾፌሩ አወረዳቸው።

ሆስፒታሉ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሠሩበት ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ድሮ ያሠለጠኗት ልጅ ነበረችና ሲገቡ ስታያቸው ምንም ሳትጠይቅ ጓንት ሰጠቻቸው። አልጋ አልቆ ሰዉ በኮሪደሩ ወለል ላይ ተዘርግቷል። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ግፊያው ጫማቸውን አውልቆታል። ያለቀሰ ሰው ብዙ አልነበረም። ለማልቀስ አየር ያስፈልጋል፣ የብዙዎቹ ደረት ደግሞ ተሰብሯል።

እትዬ ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ አጠገብ ተንበረከኩ። እንደሌሎቹ ሁሉ የወንድማቸው ፎቶ ያለበት ቢጫ ካናቴራ አልብሰዋታል። ደረቷን ለማየት ካናቴራውን በመቀስ ቀደዱት። መቀሱ በፎቶው አገጭ ገብቶ በግንባሩ ወጣ። ልጅቱ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስታወራ ጆሯቸውን አስጠጉ። በሩ ተቆልፎ ነበር አለች። ዘበኛውን ክፈትልን ብለው ሲጮኹበት ቁልፉን የዘመቻ ሰዎች ወስደውበት ኖሮ እያለቀሰ ባዶ እጁን አሳያቸው። ከዚያ ድንጋይ አምጥቶ ሰንሰለቱን ሲመታ፣ ሲመታ፣ እጁ በደም ተነከረ።

«አልሰበር አለው፣ እማማ» አለች። «ብዙ ሞከረ።»

የእናቷን ስም ነገረቻቸው። ነጋ ጠባ ስለ ሥራ ሰዓት የምትጨነቅ እናት አለችኝ፤ መጎዳቴን አትንገሩብኝ፣ በኋላ እኔው እነግራታለሁ አለች። ሳይመሽ ሞተች። እትዬ ዓይኗን ከድነው፣ እጇን አጥበው፣ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

የሐዘን ቀን ታወጀ። ባንዲራ ዝቅ አለ፣ በየፎቶው ጥግ ጥቁር ሪባን ታሰረ። ቴሌቪዥኑም የአደጋው ምክንያት ተደረሰበት አለ፤ አንድ የስታዲየም ዘበኛ ጠጥቶ በገዛ ፈቃዱ በሩን ቆልፎ ነበር፣ በቁጥጥር ሥር ውሏል። የዘበኛው ፎቶ ታየ። ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። እጁ ለምን እንደተጎዳ ግን ማንም አልተናገረም።

እትዬ ይህን እንደሰሙ ወደ ዋናው ሕንፃ ተሻገሩ። ወንድማቸውና አማቹ ቁርስ ቀርቦላቸው ነበር፤ ምግቡን የነካ ግን የለም።

«ዘበኛውን ለምን አሰርከው?» አሉት ሳይቀመጡ።

«ፖሊስ ነው ያሰረው።»

«ፖሊስ የማን ነው?»

አማቹ ጣልቃ ገባ። ለጊዜው ነው እትዬ፣ ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ ቁጣው ማረፊያ ይፈልጋል፤ ምርጫው ይለፍ እንጂ ሰውዬው በምሕረት ይወጣል፣ ቤተሰቡም አይረሳም አላቸው። እትዬ ወደሱ ዘወር አላሉም።

«እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ ወንድሜ።»

ፕሬዚዳንቱ ሹካውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ዝጉ አልኩ እንጂ ቆልፉ አልኩ?»

«ሂድና ይህን ለሬሳዎቹ አስረዳቸው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በእሱ ማዕድ አልቀረቡም። ጉዳዩን ለሰው አላወሩም፤ ግን እግራቸው አላርፍ አለ። የዘበኛውን ቤት ጠይቀው አገኙት። ሚስቱ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነች። ማንነታቸውን ስታውቅ በሩን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ ብቻ አነጋገረቻቸው። ባሌ ጨጓራው ስለማይችል መጠጥ በአፉ አይዞርም፣ ሐኪሙን ጠይቁ አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ እህቱ ከሆኑ ለምን እሱን አይጠይቁም አለቻቸው። እትዬ ጠይቄዋለሁ ሊሉ ፈልገው አፈሩ፤ ጠይቀው ያመጡት ነገር የለማ።

ዘመቻው ቀጠለ። ፕሬዚዳንቱ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። እንቅልፍ አጥቷል፣ ጉንጩ ወርዷል፤ የቴሌቪዥን ሰዎች ፊቱን የሚቀቡት ዱቄት እየወፈረ ሄደ። በቀጣዩ ስብሰባ፣ ከዋና ከተማዋ ራቅ ባለች የወንዝ ዳር ከተማ፣ ማንም ያልጠበቀውን ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሰዓቱን አክብሮ ደረሰ። ሁለተኛ፣ የኳስ ሜዳው በሮች በሙሉ ወለል ብለው እንዲከፈቱ፣ ማንም አጠገባቸው እንዳይቆም አዘዘ። ይህን ሲያዝ ፊቱ ላይ ደስታ ቢጤ እንደነበር አጃቢዎቹ በኋላ አወሩ። ሕዝቡ ይህን አይቶ ይቅር የሚለው መስሎት ይሆናል።

መናገር ጀመረ። በስታዲየሙ ስላለቁት ወገኖቼ ልቤ ተሰብሯል አለ። ከመሃል አንድ ሽማግሌ ተነሡ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ወደ በሩ ሄዱ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ተያይዘው ተነሡ። ቀጥሎ አንድ መደዳ ሙሉ። የጮኸ የለም፣ የተሳደበ የለም፣ ድንጋይ የወረወረም የለም። ለቀስተኛ ከመቃብር እንደሚመለስ ቀስ ብለው፣ ተራ ጠብቀው፣ እየተሳሰቡ ወጡ። ካድሬዎቹ ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባቸው ግን ሜዳው እየሰፋ ሲሄድ እየሳሳ መጣ። አማቹ ከመድረኩ ሥር በእጁ «ያሳጥሩት፣ ያሳጥሩት» ይላል። ፕሬዚዳንቱ አላሳጠረም። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ቃል ለባለሥልጣናቱ ወንበርና ለሙዚቀኞቹ አነበበ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ።

በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል። ስድብ ያበረታው ነበር። ይህ ግን ስድብ አልነበረም።

ሲመለስ ወደ ቢሮው አልሄደም። ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬን በር አንኳኳ። ገብቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሹራብ እየጠገኑ ነበር፤ መርፌውን ልብሱ ላይ ሰክተው አቆሙ።

«ልተወው ነው፣ እታለም።»

«ምኑን?»

«ምርጫውን። አልወዳደርም።»

እትዬ ፊቱን አጠኑት። «ስለወጡብህ ነው ወይስ ስለሞቱት?»

የአልጋ ልብሱን ክር በጣቱ ይፈትላል። «ለይቼ አላውቀውም» አለ።

እትዬ ለዚህ መልሱ ወደዱት፤ ከአደጋው ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው እውነት እሱ መሰላቸው። ከወሰንክስ አሉት፣ መተው ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ፕሬዚዳንት ነህ። ዛሬ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ሰውዬውን ፍቱት» ብትል ከመምሸቱ በፊት ቤቱ ይገባል። ነገ ግን እንደኔ ጡረተኛ ነህ፤ ቃልህ ከዚህ ክፍል አይወጣም።

«ወንበሩ ላይ ሳለህ ተናገር» አሉት። «ሌላ አልጠይቅህም።»

«እሺ» አለ። ጉልበታቸውን ይዞ ደጋግሞ እሺ አላቸው።

በማግሥቱ የፓርቲው ታላላቆች ተጠሩ። መውረዱን ሲነግራቸው የሚያለቅሱ፣ እግሩ ላይ ወድቀው የሚለምኑት መስሎት ነበር። አንዳቸውም አልለመኑትም። ያሳዝናል አሉ፣ ውሳኔዎን እናከብራለን አሉ፣ ወዲያውም ስለ ምክትሉ መነጋገር ጀመሩ። የምክትሉ ፎቶ ተነሥቶ፣ ለግድግዳ የሚሆነው ታትሞ መጋዘን መግባቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ላይ የታየውን ድንጋጤ አማቹ እንዳላየ አለፈው።

ስለ በሩ ሲያነሣ ግን ክፍሉ ተናወጠ። ይህ ከተነገረ ፓርቲው አለቀለት፣ ሁላችንም እንከሰሳለን፣ ምክትሉም ሳይወዳደር ወደቀ አሉት። አማቹ በዚያ በለዘበ ድምፁ፣ አባባ፣ የልጅዎን ቤት ያፈርሳሉ አለው፤ ትእዛዙን ያስተላለፈው እሱ መሆኑ ነው። ዘበኛው እንደሆነ ምክትሉ በተመረጠ ሳምንት በምሕረት ይለቀቃል። ምክትሉ ራሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃሌ ነው አለ። ክርክሩ ከቀትር በፊት ተጀምሮ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቆየ። የክፍሉ በር ሲከፈት ሁሉም እየተሳሳቁ ወጡ፤ እሱ ብቻ ኋላ ቀረ።

መግለጫውን ያነበበው በዚያው ምሽት ነው። እትዬ ከወጥ ሠሪዋ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ተመለከቱ። ለሕዝቡ ስለሰጠው ክብር አመሰገነ። በመጪው ምርጫ እንደማይወዳደር ተናገረ። ከዚያ ቀና አለና ውሃ ጠጣ። እትዬ ሳያውቁት ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ዓይኑን ወደ ጽሑፉ መለሰ፣ ለዚህ ያበቃኝ የጤናዬ ሁኔታ ነው ብሎ አነበበ። ስለ ዘበኛው አንድም ቃል አልነበረም።

ወጥ ሠሪዋ፣ ወይኔ አሟቸው ነበር እንዴ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወጡ። ከግቢው ውጭ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል፤ ለደስታ ይሁን ለብስጭት አይለይም። ቀልደኛው ሕዝብም «አባ መጣሁ ሄድኩ አለ» የሚለውን በዚያው ሰዓት ፈጥሮታል።

ጠዋት ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ይዘው ከሆስፒታሉ አጠገብ ወደነበረችው የድሮ ቤታቸው ተመለሱ። ወንድማቸው ደጅ ድረስ ሸኛቸው። ሊያስረዳቸው ሲሞክር እጃቸውን አነሡ።

«አስረድተኸኛል። በቴሌቪዥን ሰማሁህ» አሉት።

ምክትሉ ተመረጠ። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም ተከተለ። ስለ ምሕረት የተናገረ የለም፤ እንዲያውም አዲሱ ፕሬዚዳንት ለሟቾቹ ፍትሕ እሰጣለሁ ብሎ በአደባባይ ማለ። ፍትሕ ለመስጠት ደግሞ ጥፋተኛ ያስፈልጋል። አባ መጣሁ ስልክ ደወለ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ደግሞ ደወለ፤ መልእክትዎን እናደርሳለን ተባለ። በመጨረሻ ስልኩን የሚያነሣለትም ጠፋ። እነዚያ በሩ ላይ ተሰልፈው ይውሉ የነበሩ ሰዎች በመንገድ ሲያገኙት ጫማቸውን እያዩ ያልፋሉ። አማቹ በአዲሱ መንግሥት ወደ ሩቅ አገር አምባሳደር ሆኖ ሊላክ ነው ተባለ።

የዘበኛው ክስ ሲሰማ የሚመሰክርለት ጠፋ። በዚያ ቀን አጠገቡ የነበሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ ሥራቸውን ይፈራሉ። እትዬ ማንም ሳይጠራቸው ወደ ጠበቃው ሄደው እኔ እመሰክራለሁ አሉ። በመኪናው ውስጥ የሰሙትን፣ በኮሪደሩ ልጅቱ የነገረቻቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። ዐቃቤ ሕጉ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው፣ መነጽራቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቃቸው። ዝጉ ያለው ማን እንደሆነ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ አላቸው።

«ያሳደግኩት ልጅ ድምፅ ይጠፋኛል?» አሉት።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ። አማቹ ግን ከመሄዱ በፊት ቀርቦ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከማንም እንዳልተቀበለ ቃሉን ሰጠ። ጋዜጦቹም፣ አንዲት አሮጊት ከወንድማቸው ጋር በቤተሰብ ጉዳይ ተጣልተው ስም ሊያጠፉ ተነሥተዋል ብለው ጻፉ። የድሮ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ ለምን ዝም አይሉም፣ እድሜያቸውን በሰላም ቢጨርሱ ምን አለ አሉ።

እትዬ በቀጥታ ወደ ወንድማቸው ሄዱ። በጡረታ በተሰጠው ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ያረጀው በጥቂት ወራት ነው፤ ጢሙን አልተላጨም፣ የሹራቡ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። ቆመው ቁልፉን አስተካከሉለት። ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው አሉት።

«ብመጣስ ምን ይለወጣል?» አለ።

«አላውቅም። ና ብቻ።»

ማክሰኞ መጣ። ወደ ችሎቱ ሲገባ ሰዉ በልማድ ተነሥቶ ቆመ። ወዲያው እርስ በርሱ ተያየና ተቀመጠ። ዘበኛው በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። ፋሻው ተፈቷል፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም። አባ መጣሁ መጀመሪያ አላየውም። ዳኛዋ ቃለ መሐላ ካስፈጸሙት በኋላ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዞረ።

«ዝጉት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይህ ሰው ቁልፍ አልነበረውም።»

ዳኛዋ ጽሕፈታቸውን አቁመው ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም ብለው ጠየቁት። ረጅም ንግግር የለመደው ሰው በአጭሩ መለሰ።

«ፈርቼ ነው» አለ።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ ተነበበ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት በሥልጣን ዘመናቸው ባደረጉት ነገር በሕግ አይጠየቁም ተባለ፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ፣ በሁለተኛው ዘመኑ መጀመሪያ ነበር። አማቹንም ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም፣ ያው ሕግ አምባሳደሮችንም ይከልላል ተባለ። ዘበኛው ከነፍስ ማጥፋት ነጻ ወጣ። ነገር ግን ቁልፉ ሲወሰድበት ለአለቆቹ አለማሳወቁ ቸልተኝነት ነው ተብሎ፣ ከታሰረበት ጊዜ ላይ ገና ሌላ ዓመት ተኩል እንዲቀመጥ ተፈረደበት። ጠበቃው ይግባኝ እንላለን አለ። ዘበኛው ሲያወጡት ወደ ሚስቱ ዞሮ እጁን አነሣላት፤ የማይታጠፉት ጣቶቹ ተለይተው ይታዩ ነበር።

በፍርድ ቤቱ ቅጥር ውስጥ አባ መጣሁ ሚስቲቱን አገኛት። እትዬ ራቅ ብለው ቆሙ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ። ሴትየዋ ለባሏ የያዘችውን ምግብ በጨርቅ እየጠቀለለች ነበርና ቀና አላለችም።

«ያኔ ቢናገሩ ኖሮ ቤቱ ይገባ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለራሷ አንድ ነገር ያረጋገጠች ትመስል ነበር። እሱ ልጆቹን ላስተምር፣ ቤት ልግዛላችሁ፣ የምትፈልጊውን ንገሪኝ አላት። ሴትየዋ ጨርቁን ቋጠረች።

«ልጆቹ አባት አላቸው» አለች። «የመጠየቂያ ሰዓት እንዳያልፈኝ።»

እትዬ ቀረብ ብለው ከሁለቱ ዘንቢሎች አንዱን ተቀበሏት። እምቢ አላለችም። ወንድማቸው ተከትሏቸው ሊሄድ ሲነሣ እትዬ ዞር ብለው እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ።

«ዛሬ አይሆንም፣ ወንድሜ» አሉት። «ሌላ ቀን እንጠይቃታለን።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ። እሱ ባርኔጣውን እንደያዘ ቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ቀረ። አላፊ አግዳሚው አንዳንዱ አወቀው፣ አንዳንዱ አላወቀውም።